ልጅ ዝም ቢል ይርጋ አይተኛም

«ዝም አይነቅዝም» የሚል የቆየ አባባል አለን። ያልተናገሩት ነገር አያጣላም፣ ቤት አያፈርስም፣ ከጎረቤት አያቀያይምም ለማለት ነው። አባባሉ በብዙ ጉዳይ ላይ እውነትነት ይኖረው ይሆናል። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ጨርሶ አይሠራም። ይኸውም በሕፃናት ላይ የሚፈጸመው የግብረ ሥጋ ጥቃት ነው። ይህ በደል በዝምታ ሲከደን ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል የተበደለውን ልጅ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በደለኛውን በፍርድ ለመጠየቅ ሕግ የፈቀደውን ጊዜ በየቀኑ እየሸረፈ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያው ጉዳት ብዙ የተነገረለት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ እናቶች ሳያውቁት የሚያልፍ በመሆኑ በዛሬው ዓምዳችን በእርሱ ላይ ልናተኩር ወደናል። «ልጄ በሕፃንነቷ የደረሰባትን ዛሬ አድጋ ነገረችኝ፤ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ማን ይሰማናል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱም የሚሰጠው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሕግ ሳይጠየቅ ነው። «አለፈ እኮ፣ ምን ይደረጋል» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ለመሆኑ በእርግጥ አልፏልን?

ይርጋ ምን ማለት ነው?

ሕግ ለክስ የጊዜ ገደብ ያበጃል። ያ ገደብ ካለፈ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ክስ መመሥረት አይችልም። ተበዳዩ እውነቱን ቢይዝም፣ በደለኛውም ቢታወቅ፣ በዚያ ጉዳይ ላይ የችሎቱ በር ይዘጋል። ይህ ገደብ በሕግ ቋንቋ ይርጋ ይባላል።

ይርጋ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ምስክር ይሞታል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ የሰው ትዝታም ይደበዝዛል። ንጹሕ ሰው እንኳ ቢሆን ከ30 ዓመት በፊት በአንዱ ቀን የት እንደ ዋለ አስረዳ ቢባል ይቸግረዋል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ለክስ ወሰን ማድረጉን መርጠዋል። ዳሩ ግን ይህ አስተሳሰብ የቆመው ተበዳዩ በደሉን ያውቃል፣ በእግሩ ሄዶ፣ በአፉ ተናግሮ ይከሳል በሚል ግምት ላይ ነው። ሱቁ የተዘረፈ ነጋዴ በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ይገኛል። የ7 ዓመት ሕፃን ግን የደረሰባትን ነገር ስሙን እንኳ አታውቀውም።

ስንት ዓመት ነው?

በአገራችን በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ነው። የክስ ይርጋ ዘመን በዚሁ ሕግ በአንቀጽ 217 ተዘርዝሯል። ለሁሉም ወንጀል አንድ ቁጥር አልተሰጠም፤ ሕጉ ለወንጀሉ የደነገገው ከፍተኛ ቅጣት በከበደ መጠን የይርጋውም ዘመን ይረዝማል። ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት ነው። ከ10 ዓመት በላይ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጣ 20 ዓመት፣ ከ5 ዓመት በላይ እስከ 10 ዓመት ለሚያስቀጣ 15 ዓመት፣ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጣ ደግሞ 10 ዓመት ነው። ቀላል እሥራት ብቻ ለሚያስቀጡት ከዚህ ያጥራል።

እንግዲህ ይህን ወደ ልጆቻችን ጉዳይ እናምጣው። 13 ዓመት ካልሞላት ሕፃን ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 627 መሠረት ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ተበዳይዋ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነ እንደሆነ በአንቀጽ 626 መሠረት ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ወንዶች ልጆችም አልተዘነጉም፤ በወንድ የሚፈጸምባቸው ጥቃት በአንቀጽ 631 ተደንግጎ ይገኛል፤ ቅጣቱም እንደ ልጁ ዕድሜ እስከ 15 ወይም እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። በእነዚህ ሁሉ ከፍተኛው ቅጣት ከ10 ዓመት በላይ በመሆኑ የክሱ ይርጋ 20 ዓመት ነው።

ግንኙነት ሳይፈጸም ገላን እንደ መዳበስ ላሉት የብልግና ድርጊቶች የተደነገገው ቅጣት ዝቅ ያለ ስለሆነ የይርጋው ዘመንም ያጥራል። ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን 15 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ስትሆን 10 ዓመት ይሆናል። በሌላ በኩል ተበዳይዋ የበደለኛው ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛ፣ በአደራ የተሰጠችው ወይም በእርሱ እጅ የምታድግ ልጅ ከሆነች ሕጉ ቅጣቱን ያከብደዋል። ቅጣቱ ሲከብድ ይርጋውም ሊረዝም ይችላል። ይህ ነጥብ በተለይ ከገጠር መጥተው በዘመድ ወይም በሰው ቤት ለሚያድጉት ልጆች መዘንጋት የሌለበት ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው መቼ ነው?

ከሁሉ ይልቅ እናቶች ሊይዙት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። በሕጋችን የይርጋ ቆጠራ የሚጀምረው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ ነው። ልጅቱ ከተናገረችበት ቀን ወይም 18 ዓመት ከሞላት ዕለት አይደለም። ድርጊቱ ተደጋግሞ የተፈጸመ እንደሆነ ግን ቆጠራው ከመጨረሻው ድርጊት ቀን ይጀምራል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሕፃን በ2000 ዓ.ም በ7 ዓመቷ ተደፈረች እንበል። 20 ዓመቱ የሚሞላው በ2020 ዓ.ም ነው፤ ያን ጊዜ 27 ዓመት ይሆናታል። ድርጊቱ ከ8 ዓመቷ እስከ 12 ዓመቷ ሲደጋገም የቆየ ከሆነ 20 ዓመቱ ከመጨረሻው ቀን ስለሚቆጠር እስከ 32 ዓመቷ ድረስ ጊዜ አላት። በ14 ዓመቷ ከግንኙነት በመለስ ያለ የብልግና ድርጊት የተፈጸመባት ልጅ ግን 24 ዓመት ሲሆናት ጊዜዋ ሊያልቅ ይችላል። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ራሷን ችላ ለመናገር ጉልበት በምታገኝበት ሰዓት ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ «10 ዓመት አለፈው» ወይም «15 ዓመት ሆኖታል» ተብሎ የተተወ ብዙ ጉዳይ በሕግ ፊት ገና ሕያው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ዛሬ ሕያው የሆነው ጉዳይ ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም በፊት የተፈጸመ ድርጊት ከቀድሞው ከ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጋር ተገናዝቦ ስለሚታይ ስሌቱን ለሕግ ባለሙያ መተው ይሻላል።

ደግሞም ይርጋ የሚቋረጥበት መንገድ አለ። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ተቀብሎ ሕጋዊ የምርመራ ርምጃ ሲወስድ ቆጠራው ይቋረጥና እንደ አዲስ ይጀምራል። ለእናት፣ ለአክስት ወይም ለጎረቤት በሹክሹክታ መናገር ልብን ያሳርፍ ይሆናል፤ የይርጋውን ቆጠራ ግን አያቆመውም። የሚያቆመው በመዝገብ የገባ አቤቱታና እርሱን ተከትሎ የሚወሰደው ርምጃ ነው።

ልጅ ለምን ዝም ይላል?

«እውነት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ትናገር ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሕፃንን ልብ አያውቁም። በልጅ ላይ በደል የሚፈጽመው ብዙ ጊዜ ከመንገድ የመጣ ባዳ ሳይሆን ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው። አጎት፣ እንጀራ አባት፣ ተከራይ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ከረሜላ ገዝቶ ያለማመደ፣ ወላጆችም «እንደ ቤተሰባችን ነው» ብለው ያመኑት ሰው ነው። ይህ ሰው «ብትናገሪ እናትሽን እገድላታለሁ»፣ «አንቺን ነው የሚገርፉሽ» ቢላት ሕፃኗ ታምነዋለች። የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው እርሱ ከሆነ ደግሞ መናገር እናትን ማስራብ ሆኖ ይታያታል።

ሕፃናት ጨርሶ አይናገሩም ማለትም አይደለም። ብዙዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ከአንድ ሰው ጋር መቅረትን ይፈራሉ፣ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራሉ፣ ትምህርት ይጠላሉ፣ ሌሊት ይባንናሉ። አንዳንዴም ጥቂት ጣል አድርገው የእናታቸውን ፊት ያያሉ። በዚያች ቅጽበት «ማን ወደዚያ ሂጂ አለሽ?» የሚል ቁጣ ካገኛቸው ቃሉ ይመለሳል፤ ተመልሶ ለመውጣት 10 ወይም 20 ዓመት ይፈጅበታል። ወንዶች ልጆች ላይ ደግሞ ዝምታው ይበረታል። «ወንድ ልጅ እንዴት እንዲህ ይሆናል» የሚለው የሰው አፍ ከበደሉ እኩል ያስፈራቸዋል።

ይህን የምንለው ማለዳ ወጥታ ማታ የምትመለሰውን ሠራተኛ እናት ለመውቀስ አይደለም። ልጇን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ጥፋቱ አደራ የበላው ሰው ነው። ነገር ግን የልጅ ዝምታ ከየት እንደሚመጣ ካወቅን መዘግየቷን የውሸት ምልክት አድርገን አናይባትም።

ሽምግልናና ይርጋ

በከተማም ሆነ በገጠር እንዲህ ያለ በደል ሲሰማ በመጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። «ገመና አይውጣ»፣ «የልጅቱ ስም ይጠፋል፣ ባል አታገኝም»፣ «የሥጋ ዘመድ አይካሰስም» ይባላል። ካሣ ይቆረጣል፣ ይቅርታ ይወርዳል፣ በደለኛው ለጥቂት ጊዜ ከሰፈሩ ይርቃል። ሽምግልና በአገራችን ብዙ ጠብ ያበረደ፣ ብዙ ትዳር ያቆመ የተከበረ ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ቦታው አይደለም።

ምክንያቱም እነዚህ ወንጀሎች በሕጋችን በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ አይደሉም፤ ማንም ሰው ሊጠቁም ይችላል፣ ክሱንም የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለሆነም ቤተሰብ ተስማምቶ «ትተነዋል» ቢል ወንጀሉን አይሰርዘውም። በ1949 ዓ.ም ሕግ የጠለፈ ወይም የደፈረ ሰው ተበዳይዋን ቢያገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር። የ1996 ዓ.ም ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኖታል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ፣ ሲያስቀጥሩ፣ «እስቲ የበዓሉ ሰሞን ይለፍ» ሲሉ ግን ይርጋው ይቆጥራል። ብዙ በደለኛ ከፍርድ ያመለጠው እንዲህ በቀጠሮ ብዛት ነው። የታረቁት ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ልጅ ቢበድልስ? ያቺን ልጅ ማን ያስታርቃታል?

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከይርጋ ነፃ ሲያደርግ ሌሎቹን የግብረ ሥጋ ጥቃቶች ግን በ20 ዓመት ይገድብ ነበር። በሕፃንነታችን ተበድለናል ያሉ 8 ሰዎች ካደጉ በኋላ አንድ ባለጸጋን ለመክሰስ ተነሡ። ዐቃቤ ሕግ 20 ዓመቱ አልፏልና አልከስም አለ። እነርሱም ሕጉን ራሱን ፍርድ ቤት አቆሙት። ተከሳሽ ሊሆን ይችል የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ሞተ፤ የተባለበትም ነገር በፍርድ ሳይመረመር ቀረ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ የ20 ዓመቱ ገደብ በግብረ ሥጋ ወንጀሎች ላይ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። አስገድዶ መድፈርን ከሌላው የግብረ ሥጋ ጥቃት ለይቶ ይርጋ ማበጀት ምክንያት የለውም፤ ተበዳዮች ዘግይተው የሚናገሩትም ከጥቃቱ ጠባይ የተነሣ ነው ሲል ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያም ሕጉ በዚሁ መንፈስ ተሻሻለ። 8ቱ ሰዎች ለራሳቸው ጉዳይ ፍርድ ባያገኙም ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት በሩን ከፈቱ።

ሌሎችም በየመንገዳቸው ሄደዋል። በስዊዘርላንድ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 በሰጠው ድምፅ ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ወንጀል ይርጋ እንዳይኖረው ወሰነ፤ በ2013 በሥራ ላይ በዋለው ሕግም የዕድሜው ወሰን ከ12 ዓመት በታች ተደርጓል። ጀርመን ይርጋውን አላስቀረችም፤ ከ2015 ጀምሮ ግን ተበዳዩ 30 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቆጠራው እንዲተኛ አድርጋለች። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለእኛም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይርጋን ማስቀረት ከባድ ቢመስል፣ ቢያንስ ሕፃን በሆነችበትና አንደበት በሌላት ዘመን ጊዜዋ ባይቆጠርባት ፍትሕ አይጎዳም። ሕግ የሚሻሻለው ደግሞ ጉዳዩ ያለባቸው ሰዎች ሲጠይቁ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ/ አድጋም ይሁን በሕፃንነቷ፣ ልጅቱ ስትናገር አድምጧት። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አትበሏት። «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የሚለው ቃል ይበቃል። ደጋግሞ እየጠየቁ ማድከምም ሆነ ከበደለኛው ጋር ፊት ለፊት ማቆም አይገባም።

2ኛ/ ጊዜው አልፏል ወይም አላለፈም ብላችሁ በቤት ውስጥ አትፍረዱ። ድርጊቱ መቼ ጀመረ? የመጨረሻው ጊዜ መቼ ነበር? ያን ጊዜ ዕድሜዋ ስንት ነበር? ስንተኛ ክፍል ነበረች? እነዚህን ጻፉና ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም ለሕግ ባለሙያ አሳዩ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ነው።

3ኛ/ «የሐኪም ወረቀት ስለሌለ ማስረጃ የለም» አትበሉ። በዚያን ጊዜ ለማን እንደ ተናገረች፣ በቤቱ ማን ይኖር እንደ ነበር፣ ትምህርት ያቋረጠችበት መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ ከበደለኛው የመጣ ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት፣ በዚያው ሰው የተበደለ ሌላ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ለመርማሪ ፍንጭ ይሆናል።

4ኛ/ በደሉ የተፈጸመው አሁን ከሆነ ሰዓቱ ራሱ ይቆጠራል። ልጅቱን ሳታጥቡ፣ ልብሷንም ሳታጥቡ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የፖሊስ ምርመራውን በአንድ ቦታ የሚያሟላ ማዕከል አለ።

5ኛ/ ልጅቱ ችሎት ቆማ በደለኛውን ፊት ለፊት ታያለች ብላችሁ በፍርሃት አትቅሩ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕፃናት በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ አማካይነት ቃላቸውን የሚሰጡባቸው ችሎቶች አሉ።

6ኛ/ የካሣ ጥያቄም ጊዜ አለው። በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ የጉዳት ካሣ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆንና ለወንጀሉ የተሰጠው ይርጋ ከዚህ ሲረዝም ግን ረጅሙ ጊዜ ለካሣውም ያገለግላል።

ተሰልቶ ጊዜው በእርግጥ አልፎ ቢገኝስ? የአንዷ ክስ ቢዘጋም በዚያው ሰው እጅ የተጎዳች፣ ዕድሜዋ ያነሰ ሌላ ልጅ ክስ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋ ቃል ለሁለተኛዋ ምስክር ይሆናል። ከዚያም በላይ ያ ሰው ዛሬ በማን ቤት፣ ከማን ልጆች ጋር እንዳለ መጠየቅ ይርጋ የሌለው የሁላችን ግዴታ ነው። የተበደለችውም ልጅ ችሎት ባይፈርድላት ቤተሰቧ ሊያምናት፣ ሕክምናና ምክር ልታገኝ ይገባል።

እንግዲህ እናቶች፣ በጓዳችሁ ለዓመታት የተከደነ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር «ሆድ ይፍጀው» ብላችሁ አትተዉት። ከፍታችሁ ዓመቱን ቁጠሩ፤ ቆጥራችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ የሚመለከተውን ጠይቁ። እኛ ብንቆጥርም ባንቆጥርም ሕጉ እየቆጠረ ነው።